አንጐልንና መኪናን ያስተያየው ሊቅ፤ የኖርበርት ዊነር የሕይወት ታሪክ

ከጠረጴዛ ላይ እርሳስ ማንሣት ለጤነኛ ሰው ሥራ አይባልም። እጁን ይዘረጋል፤ ያነሣል፤ ሐሳቡም ወዲያው ወደሚጽፈው ነገር ያልፋል። ነገር ግን በራስ ቅል ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው፣ ሐኪሞች ሴሬቤለም የሚሉት የአንጐል ክፍል የተጐዳባቸው ሰዎች ይህን ትንሽ ነገር መፈጸም ያቅታቸዋል። እጃቸው እርሳሱን አልፎ ይሄዳል፤ ልመልሰው ሲሉ ደግሞ ከልኩ በላይ ይመለሳል፤ እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እርሳሱ ካለበት ይቀራል። የሚያስደንቀው ግን እጃቸው አርፎ በተቀመጠ ጊዜ አለመንቀጥቀጡ ነው። የሚንቀጠቀጠው አንድ ነገር ሊሠሩ ባሰቡ ጊዜ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አይሮፕላን ስለሚመታ መድፍ ሲያሰላ ሳለ፣ መድፉ ስሕተቱን በራሱ ሲያርም ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ወዲያና ወዲህ መወዛወዙ እንደማይቀር ከቁጥሩ ተረዳ። ይህንንም ባየ ጊዜ በሰው ላይ እንዲህ ያለ በሽታ ይኖር እንደ ሆነ ሐኪም ወዳጁን ጠየቀው። ወዳጁም በሽታው እንዳለና በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ እንደ ሆነ ነገረው። እንግዲህ መድፍና የሰው እጅ በአንድ ዓይነት ስሕተት የሚሳሳቱ ከሆነ፣ በደኅናቸውም ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይሆናል ማለት ነው። ጠያቂው ኖርበርት ዊነር ይባላል። ከዚህች ጥያቄ ተነሥቶ አዲስ የዕውቀት ክፍል አቆመ፤ ካቆመውም በኋላ ዕውቀቱ በማን እጅ እንደሚገባና ማንን እንደሚጐዳ መጠየቅ ስለ ጀመረ ብዙ ሰው ራቀው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊነር በ1894 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሊዮ ዊነር በዚያን ጊዜ በሩሲያ ሥር ከነበረችው ከቢያሊስቶክ ከተማ ወደ አሜሪካ የተሻገረ አይሁዳዊ ነበረ። ባዶ እጁን ገብቶ፣ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ፣ በመጨረሻ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎች አስተማሪ እስከ መሆን ደረሰ፤ የቶልስቶይንም ድርሰቶች በ24 መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን ለተራ ትምህርት ቤት አልተወም። በቤት ውስጥ ራሱ ያስተምረው ጀመር። ትምህርቱ በለሰለሰ ቃል ይጀምራል፤ ልጁ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን የአባቱ ፊት ይለወጣል፤ ቁጣው ይነዳል፤ ትምህርቱም በልጁ ልቅሶ ያልቃል። ዊነር በሸመገለ ጊዜ በጻፈው የራሱ ታሪክ ውስጥ ይህን ነገር ሳይሸሽግ ተርኮታል።

ስምንት ዓመት ሲሆነው ዓይኑ ስለ ደከመ ሐኪሙ ለ6 ወር ምንም እንዳያነብ ከለከለው። አባቱ ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። ልጁ የሚነበብለትን በጆሮው እየሰማ ሒሳቡን በልቡ መሥራት ለመደ፤ ይህም ልማድ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጠቀመው። በ11 ዓመቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ተፍትስ ኮሌጅ ገባ፤ በ14 ዓመቱ ከኮሌጁ ተመረቀ፤ በ1913 ዓ.ም.፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በሃርቫርድ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ጋዜጦችም እንደ ተአምር ያወሩለት ነበር።

ይሁን እንጂ ተአምር መባል ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። አባቱ በ1911 ዓ.ም. አንድ መጽሔት ላይ የልጆቹ ዕውቀት ከተፈጥሮ ስጦታ የመጣ ሳይሆን የእርሱ አስተማሪነት ፍሬ መሆኑን ገለጠ። ይህም ነገር ኖርበርትን እጅግ አሳዘነው፤ የተሳካው ሁሉ ለአባቱ፣ ያልተሳካው ሁሉ ለእርሱ የሚቈጠር መስሎ ታየው። ያልተሳካም ነገር ነበረ። ሕያዋን ፍጥረታትን የሚመረምር ሊቅ ለመሆን ፈልጎ ሃርቫርድ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ደካማ፣ እጁም ያልተገራ ስለ ነበረ የላቦራቶሪውን ሥራ ሊይዘው አልቻለም። የሰው እጅ ዕቃ ሲያነሣ እንዴት እንደማይስት ለዓለም ያስረዳው ሰው የገዛ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ካምብሪጅ ከበርትራንድ ራስል ዘንድ፣ ወደ ጀርመንም ሄዶ ጐቲንገን ከሂልበርት ዘንድ ተማረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1918 ዓ.ም. በአበርዲን የመድፍ መሞከሪያ ስፍራ የተኩስ ሒሳብ ከሚያሰሉት ሰዎች ጋር ሠራ። በ1919 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሒሳብ አስተማሪ አድርጎ ተቀበለው፤ በዚያም 40 ዓመት ያህል ቈየ። በውሃ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ብናኝ ያለ ሥርዓት ወዲያና ወዲህ የሚዋልልበትን እንቅስቃሴ በሒሳብ አስሮ ያቀረበው በዚህ ዘመን ነው። በ1926 ዓ.ም. ማርጋሬት ኤንገማንን አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ።

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አርቱሮ ሮዘንብሉት የተባለ የሜክሲኮ ተወላጅ የሰውነት ሥራ ተመራማሪ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ወጣት ሐኪሞችንና ሊቃውንትን እራት ላይ እየሰበሰበ ያነጋግር ነበር። ከእራት በኋላ አንዱ ጽሑፉን ያነባል፤ ሌሎቹም ያለ ይሉኝታ ይተቹታል። ዊነርም ከዚህ ማዕድ አይቀርም ነበር። እርሱና ሮዘንብሉት በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ይኸውም የሚያፈራው መሬት ያለው በሁለት ዕውቀቶች ድንበር ላይ ነው የሚል ነው። ሐኪሙ የእኔ አይደለም፣ የሒሳብ ሊቁም የእኔ አይደለም ብለው የተዉት ጠፍ መሬት አለ፤ እርሱን ለማረስ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ መማር ግዴታው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በክፍል ተከፋፍለን የምንሠራ ሰዎችም በሁለት ክፍል መካከል የሚወድቀው ጉዳይ ምን እንደሚሆን እናውቃለን።

በ1940 ዓ.ም. የጀርመን አይሮፕላኖች እንግሊዝን ሲደበድቡ ዊነር ጁሊያን ቢግሎ ከሚባል ኢንጂኒየር ጋር የመድፍ ማነጣጠሪያ መሣሪያ ለማሰናዳት ተነሣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ከአይሮፕላኑ እስኪደርስ ብዙ ሴኮንድ ያልፋል፤ ስለዚህ ተኳሹ ማነጣጠር ያለበት አይሮፕላኑ አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደፊት ወደሚደርስበት ነው። ነጂው ደግሞ ለማምለጥ ይጠማዘዛል። ሆኖም ነጂው ሰው ነው፤ የራሱ ልማድ አለው፤ አይሮፕላኑም እንዳሻው አይታጠፍለትም። ካለፈው አካሄዱ ተነሥቶ የሚመጣውን መገመት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የሰው ጠባይ ራሱ ከሒሳቡ ውስጥ ገባ። መሣሪያው በጦርነቱ ጊዜ ለሥራ የሚደርስ ሆኖ ስላልተገኘ ተተወ፤ ዊነር የጻፈው የሒሳብ ጥናት ግን በኢንጂኒየሮች እጅ እየተላለፈ ብዙ አገልግሏል።

አሁን ወደ እርሳሱ እንመለስ። እስከ አፉ የሞላ የቡና ሲኒ ይዞ ክፍሉን የሚያቋርጥ ሰው ዓይኑ ከሲኒው አይለይም። ቡናው ወደ ቀኝ ያዘነበለ እንደ ሆነ ዓይኑ ለአንጐሉ ይነግረዋል፤ አንጐሉም እጁን ወደ ግራ እንዲያቀና ያዛል፤ እጁ ያደረገውን ደግሞ ዓይኑ መልሶ ያያል። ትእዛዝ ብቻውን ሥራ አይፈጽምም፤ የትእዛዙ ውጤት ወሬው ወደ አዛዡ መመለስ አለበት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ተመላሽ ወሬ ፊድባክ ይሉታል። ወሬው ከቀረ ሲኒው ይፈሳል፤ ወሬው ቢዘገይ ወይም እርማቱ ከልክ ቢያልፍ፣ እንደዚያ በሽተኛ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይመጣል። ዊነር፣ ሮዘንብሉትና ቢግሎ ይህን ሐሳብ በ1943 ዓ.ም. አንድ የፍልስፍና መጽሔት ላይ አወጡት። በዚያው ዓመት ዋረን ማካሎክ የተባለ የአንጐል ሐኪምና ዋልተር ፒትስ የተባለ ገና 20 ዓመት የሆነው ልጅ፣ የአንጐል ነርቮች እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ተቈጥረው በመረብ ቢያያዙ ማሰላሰል እንደሚችሉ በሒሳብ አሳዩ። ፒትስም ወደ ዊነር ዘንድ መጥቶ አብሮት ይሠራ ጀመር። ዊነር ራሱ ወደ ሜክሲኮ እየሄደ ከሮዘንብሉት ጋር በድመት ጡንቻ ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር፤ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮም ሐኪሞች፣ የሒሳብ ሊቃውንትና እንደ ማርጋሬት ሚድ ያሉ የሰው ልጅን ልማድ የሚያጠኑ ሰዎች በአንድነት እየተሰበሰቡ ስለዚሁ ነገር ይነጋገሩ ነበር። አንዳንድ ሰዎች ከዚህ የተነሣ ዊነር ሰውን መኪና አድርጎታል ይላሉ፤ እኛ ግን ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። እርሱ ያስተያየው ሁለቱ መንገዳቸውን የሚያቀኑበትን ሥርዓት ነው እንጂ ክብራቸውን አይደለም።

በ1945 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ወደቀ። ዊነር በቦምቡ ሥራ እጁ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ሊቃውንት በቅን ልብ የሠሩት ነገር ከእጃቸው ከወጣ በኋላ በላዩ ላይ ሥልጣን እንደሌላቸው አየ። ጥቂት ቈይቶ የአንድ ትልቅ የአይሮፕላን ፋብሪካ ተመራማሪ፣ ዊነር በጦርነቱ ጊዜ የጻፈውን አንድ ጽሑፍ እንዲልክለት ጠየቀው። ሥራው በራሱ የሚመራ የጦር ሮኬት ነበረ። ዊነር አልልክም አለ። እምቢታውም በምሥጢር እንዳይቀር ደብዳቤውን በ1947 ዓ.ም. በጥር ወር አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ አሳተመው። የደብዳቤው ሐሳብ ባጭሩ፣ ዕውቀትን ለሰው መስጠት ንጹሕ ሥራ የሚሆነው የሚቀበለው ሰው የሚያደርግበት ነገር ሲታወቅ ነው፤ መከላከያ የሌላቸውን ሰዎች ለመግደል ለሚሠራ መሣሪያ የሚረዳ ጽሑፍ ከእንግዲህ ወዲህ አላወጣም የሚል ነበረ። ከዚያም በኋላ ከጦር ሠራዊት ገንዘብ ተቀብሎ ምርምር ማድረግን ተወ።

ይህን በማድረጉ ያመሰገኑት አሉ፤ የነቀፉትም አሉ። ነቃፊዎቹ ያሉት ቀላል ነገር አይደለም። ዕውቀቱ ተጽፎ ወጥቷል፤ አንዱ ባይሰጥ ሌላው ይሰጣል፤ ጠላትም አይተኛም። ከዊነር ጋር በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ይገኝ የነበረው ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ተቃራኒውን መንገድ ያዘ፤ የመንግሥቱ የጦር አማካሪ ሆነ፤ በ1955 ዓ.ም. የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ለመሆን በቃ። ሁለቱም አእምሯቸው የሰላ፣ ሁለቱም በሕፃንነታቸው የተደነቁ ሰዎች ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. የዊነር ዋና መጽሐፍ በፓሪስና በአሜሪካ ታተመ። ስሙን ሳይበርኔቲክስ አለው፤ ቃሉ የመጣው የመርከብ መሪ ከሚጨብጠው ሰው የግሪክኛ ስም ነው። መጽሐፉ በከባድ ሒሳብ የተሞላ ነው፤ የደራሲውም ዓይን በሞራ ታሞ ስለ ነበረ የኅትመት ስሕተት በዝቶበታል። እንደዚህም ሆኖ ከተጠበቀው በላይ ተሸጠ። ብዙ አንባቢ የገባው መግቢያው ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ በመግቢያው የተጻፈው ግን በቂ ነበረ። ፊተኛው የፋብሪካ ዘመን የሰውን ክንድ ዋጋ አሳጣ፤ አካፋ የያዘ ሰው ከመቈፈሪያ መኪና ጋር ተወዳድሮ እንጀራውን ሊያገኝ አይችልም። አሁን የሚመጣው ዘመን ደግሞ የሰውን አንጐል፣ ቢያንስ ቀላሉንና የተለመደውን ውሳኔ የሚሰጠውን አንጐል፣ ዋጋ ያሳጣል። ስለዚህ ሰውን በመሸጥና በመግዛት ብቻ የማይመዝን ኅብረተሰብ ካልተበጀ፣ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰው የሚሸጠው ነገር አይኖረውም ብሎ አስጠነቀቀ።

ማስጠንቀቁም በመጽሐፍ አላበቃም። አንድ ትልቅ ኩባንያ ያለ ሠራተኛ በራሱ የሚሠራ ፋብሪካ ለማቆም ምክር ስጠን ብሎት እምቢ ብሎ ነበር። በ1949 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ደግሞ ለዋልተር ሩተር ደብዳቤ ጻፈ። ሩተር የአሜሪካ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረ። አንድ ፕሮፌሰር ማንም ሳያዝዘው፣ በአካል ለማያውቀው የሠራተኞች አለቃ፣ ወደ እናንተ የሚመጣ ነገር አለ ብሎ መጻፉ ያልተለመደ ነው። በደብዳቤውም ኮምፒዩተር የሚያዝዘው ፋብሪካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊደርስ እንደሚችል፣ የሚያመጣውም የሥራ ማጣት ከባድ እንደሚሆን ገለጠ። ማኅበሩ ቀድሞ ነገሩን በእጁ አስገብቶ ትርፉ ለሠራተኛው ጥቅም የሚውልበትን መንገድ እንዲፈልግ መከረው፤ የራሱንም ሐሳብ ያለ ዋጋ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። ሩተር ወዲያው በቴሌግራም መለሰለት፤ በሚከተለውም ዓመት ተገናኙ። ነገር ግን ከመገናኘታቸው የተገኘ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለም። ዊነር ሐሳቡን ለተራው አንባቢ ሰው ለሰው ስለሚኖረው አገልግሎት በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፋፋው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ዊነር የፈራው የሥራ ማጣት እርሱ በገመተው ጊዜ አልመጣም። በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበረ፤ ዊነር የሚመጣው ከዚህ ይብሳል ብሎ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ግን ሥራ ያጡት ከመቶ 4 እንኳ አይሞሉም ነበር። አዲሶቹ መኪናዎች ከአሮጌው ሥራ ያፈናቀሉትን ያህል አዲስ ሥራ ወልደዋል። ታዲያ አዲሱን ሥራ ያገኘው ሰውና አሮጌውን ያጣው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበረም። የ50 ዓመት ብረት ቀጥቃጭ የአገሩ ሒሳብ በደኅና ተዘጋ ቢሉት ምን ያደርግለታል?

ዊነር መኪናን የሚጠላ ሰው አልነበረም። በእነዚያው ዓመታት ጀሮም ዊዝነርና ሊዮን ሌቪን ከሚባሉ የተቋሙ ሰዎች ጋር ሆኖ ደንቈሮ በጣቱ የሚሰማበት ጓንት ሠርቷል። ድምፅ በማይክሮፎን ገብቶ በአምስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል አንድ ጣት ያንቀጠቅጣል፤ ሰውየውም የመንቀጥቀጡን ዓይነት እየለየ ቃሉን ይማራል። ዓይነ ስውርና ደንቈሮ የነበረችው ታዋቂዋ ሄለን ኬለር ራሷ ጓንቱን ሞክራዋለች። ሆኖም ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። ከሐኪሞች ጋር በመሆን ደግሞ የአንጐልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መረመረ። ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው ራስ ላይ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ እንዳለ ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1929 ዓ.ም. ገልጦ ነበር። ዊነር ሞገዱ በቴፕ ተቀርጾ በሒሳብ እንዲመረመር አደረገ፤ በአንጐል ውስጥ ሥራን ሁሉ በጊዜ የሚያስተካክል እንደ ሰዓት ያለ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎም አሰበ። ይህን ጥናት በ1961 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው የሳይበርኔቲክስ ኅትመት ላይ ጨምሮታል።

በጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነበረ። አንድ ቀን ደስተኛ፣ አንድ ቀን በሐዘን የተዋጠ፣ ምስጋናን እንደ ሕፃን የሚሻ ሰው ነበረ። በ1952 ዓ.ም. ግድም ከማካሎክና እንደ ልጁ ከሚያየው ከፒትስ ጋር ምክንያቱን ሳይነግራቸው ድንገት ተቈራረጠ። ፒትስ ከዚያ በኋላ ሥራውን ቀስ በቀስ ተወ፤ በ1969 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ሞተ። ተመላሽ ወሬ የተቋረጠበት ሁሉ መንገዱን እንደሚስት ያስተማረ ሊቅ፣ ከሚወዱት ሰዎች የሚመጣውን ወሬ በገዛ እጁ ዘጋ። የሕይወቱ ታሪክ ሲነገር ይህ መታለፍ የለበትም።

በዓለም ሁሉ ግን ስሙ ገነነ። በ1955 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ሄዶ ካልካታ ውስጥ ለወራት አስተማረ። የሶቪየት ኅብረት ጸሐፊዎች መጀመሪያ ሳይበርኔቲክስን የቡርዥዋ ሐሰተኛ ሳይንስ ብለው ሲያወግዙት ቈይተው ኋላ አቅፈው ተቀበሉት፤ በ1960 ዓ.ም. ሞስኮ በሄደ ጊዜ እንደ ታላቅ እንግዳ አስተናገዱት።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። አርተር ሳሙኤል የተባለ የአይ ቢ ኤም ሰው ኮምፒዩተር ዳማ መጫወት እንዲማር አድርጎ፣ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ከተለማመደ በኋላ አስተማሪውን አሸነፈው። ዊነር ይህን አይቶ፣ መኪና ከሠራው ሰው የበለጠ አያውቅም የሚለው ቃል ከእንግዲህ እንደማያገለግል አስረዳ። የሚያስፈራውም መኪናው አለመታዘዙ አይደለም፤ እንደ ተረቱ ጂኒ የተለመነውን ቃል በቃል መፈጸሙ ነው። ሥራውም ከሰው አሳብ ይልቅ እጅግ ፈጣን ስለሆነ፣ ዓላማውን አሳስተን እንደ ሰጠነው የምናውቀው ካለቀ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሳሙኤል መኪና የራሱ ፈቃድ የለውም፤ የሚያደርገው ሁሉ ከሰው የመጣ ነው ብሎ በዚያው መጽሔት መለሰ። ክርክሩ አልተዘጋም። ኮምፒዩተር በ1997 ዓ.ም. የዓለሙን የቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸንፏል፤ በእኛም ዘመን ማካሎክና ፒትስ ካሰቡት የነርቭ መረብ የተወለዱ ኮምፒዩተሮች ደብዳቤ ያረቃሉ፣ ማመልከቻ ያነባሉ፣ ይህ ይገባዋል ያ አይገባውም የሚል ፍርድ እስከ መስጠት በየአገሩ መሥሪያ ቤት ገብተዋል።

በ1961 ዓ.ም. ዊነር ከደረጃ ላይ ወድቆ አጥንቱ ተሰበረና ቦስተን ሆስፒታል ተኛ። እዚያም አልጋው ላይ ሆኖ ከሐኪሞቹ ጋር ስለ ተቈረጠ ክንድ ተነጋገረ። ክንዱ የተቈረጠ ሰው ክርኑን ለማጠፍ ባሰበ ጊዜ በቀረው ጡንቻ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር፣ ያም ኤሌክትሪክ በሞተር የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ክንድ ሊያዝዝ እንደሚችል አስረዳቸው። ሐኪሞቹና የተቋሙ ኢንጂኒየሮች ነገሩን ተቀብለው ሥራ ጀመሩ።

በ1964 ዓ.ም. በጥር ወር ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳይ ሰጡት። በመጋቢት ወር ወደ ስዊድን ሄደ፤ በ18ኛውም ቀን በስቶክሆልም የንጉሣዊው የቴክኖሎጂ ተቋም ደረጃ ላይ ልቡ ቆሞ ወደቀ፤ ዕድሜው 69 ዓመት ነበረ። ስለ መኪናና ስለ ሃይማኖት የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ በዚያው ዓመት ታትሞ በ1965 ዓ.ም. የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የቦስተን ክንድ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ታየ፤ ክንዱ ከክርኑ በላይ የተቈረጠ ሰው ክርኔን ላጥፍ ብሎ አሰበ፤ ሰው ሠራሹም ክንድ ታጠፈ።